ሩቅ ምሥራቅን በግራ በኩል ያገኘሁበት ካርታ

አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፦ ካርታው ጥሩ ነው፣ ብትገዙት አትቆጩም። አምስት ኮከብ የነፈግኩት በተለይ በአንድ ነገር ተናድጄ ነው። ያን ነገር ለማስረዳት ደግሞ ትንሽ ዞር ዞር ማለት አለብኝ። ስለ ዕቃው ጥራት ብቻ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቀጥሎ ያለችውን አንቀጽ አንብቦ መሄድ ይችላል፣ አልቀየምም።

የዓለም የግድግዳ ካርታ ነው። ወርዱ አንድ ሜትር ከአርባ፣ ቁመቱ ዘጠና ሴንቲሜትር ገደማ። በሁለቱም ፊት ታትሞበታል፤ ሁለቱም ፊት በፕላስቲክ ተለብጧል። በካርቶን ቱቦ ተጠቅልሎ ነው የመጣው፣ አንድም ቦታ አልታጠፈም። ከላይና ከታች ቀጭን የእንጨት ዘንግ አለው፣ የላይኛው ላይ ገመድ ታስሮበታል፤ አንድ ምስማር ይበቃዋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ጠርዙ እየተጠቀለለ አስቸገረኝ፣ ከዚያ በራሱ ክብደት ተስተካከለ። ቀለሙ ረጋ ያለ ነው፣ የሚጮህ ሮዝና ቢጫ የለውም። አህጉራቱም ግሪንላንድ አፍሪካን ልታክል በምትደርስበት በዚያ በጥንቱ አሳሳል አልተሳሉም (አፍሪካ የግሪንላንድን አሥራ አራት እጥፍ ትሆናለች፣ ለማታውቁ)። ጉድለቱ? ፕላስቲኩ ያብለጨልጫል። መስኮት ፊት ለፊት ከሰቀላችሁት ከሰዓት በኋላ የምታዩት ካርታውን ሳይሆን ራሳችሁን ነው። ፊደሉም ደቃቃ ነው፣ ዓይናችን ለደከመ ሰዎች አልታሰበልንም።

እኔን ያስገዛኝ ማስታወቂያው ነው። "ከማንም ወገን ያልሆነ ካርታ" ይላል። አንደኛው ፊት የለመድነው ነው፦ አትላንቲክ መሐል ላይ፣ አሜሪካ በግራ፣ ጃፓን በቀኝ ዳር። ሁለተኛው ፊት ግን ፓስፊክን መሐል ላይ ያደርገዋል። እስያና አውስትራሊያ ወደ ግራ ይመጣሉ፣ አሜሪካ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ አውሮፓ ግራ ጥግ ላይ ትለጠፋለች። ለቻይናና ለጃፓን ተማሪ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ እነሱ ያደጉት እንዲህ ባለው ካርታ ነው። እንዲያውም ነገሩ የቆየ ነው፤ ማቴዎ ሪቺ የሚባለው ጣሊያናዊ ኢየሱሳዊ የካቶሊክ ቄስ በ1602 ቤጂንግ ላይ ትልቁን የዓለም ካርታ ሲያሳትም ቻይናን ወደ መሐል አቅርቧት ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ሰዎቹ አገራቸውን የሚጠሩት "መካከለኛው አገር" ብለው ነው፤ ዳር ላይ ተለጥፋ ቢያሳያቸው ማን ይገዛው ነበር።

ሁለተኛውን ፊት አዙሬ የሰቀልኩ ዕለት የእህቴ ልጅ አብራኝ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ማንበብ ከቻለች ወዲህ የተጻፈ ነገር አያመልጣትም። ጃፓን አጠገብ፣ በግራጫ ቀለም፣ ተራራቅ ተራራቅ ብለው የታተሙ ትልልቅ ፊደላት አየችና "ምን ይላል?" አለችኝ። "ሩቅ ምሥራቅ" ብዬ ተረጎምኩላት። ታች ጥግ ላይ ያለችው የአቅጣጫ ምልክት ምሥራቅ በቀኝ፣ ምዕራብ በግራ ትላለች። ልጅቷ ምልክቷን አየች፣ ጽሑፉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"አክስቴ፣ ሩቅ ምሥራቅ ለምን በምዕራብ በኩል ሆነ?"

"ከአውሮፓ ሆነሽ ስታዪው ነዋ።"

"ካርታውን የሰቀልነው እኛ አይደለን እንዴ?"

መልስ አልነበረኝም። ይኸው ነው ያናደደኝ። መሐሉን ቀይረውታል፣ ስሞቹን ግን ከፊተኛው ገጽ እንዳሉ ገልብጠው አስቀምጠዋቸዋል። "መካከለኛው ምሥራቅ" በግራ ጥግ ነው። "የምዕራብ ንፍቀ ክበብ" የሚለው በቀኝ ጥግ። የምዕራብ ህንድ ደሴቶች የሚባሉት፣ ኮሎምበስ በ1492 ህንድ የደረሰ መስሎት ህንድ ብሎ የጠራቸው፣ እነሱም በቀኝ። ከማንም ወገን ያልሆነ ካርታ ተብሎ የተሸጠልኝ ዕቃ አፉን ሲከፍት ከለንደን ሆኖ ነው የሚያወራው።

ከለንደን ያልኩት ለማጋነን አይደለም። "መካከለኛው ምሥራቅ" የሚለው ስም የተለመደው በ1902 አልፍሬድ ማሃን የሚባል አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን ለአንድ የብሪታንያ መጽሔት ስለ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ከጻፈ በኋላ ነው። ጭንቀቱ ብሪታንያ ወደ ህንድ የምትሄድበት የባሕር መንገድ ነበር። በዚያን ዘመን አነጋገር ቅርብ ምሥራቅ ማለት ቱርኮች የሚገዙት አገር ነው፣ ሩቅ ምሥራቅ ቻይናና ጃፓን፣ በሁለቱ መሐል ያለው ደግሞ መካከለኛው። የአውቶብስ ፌርማታ የሚቆጥር ሰው አስቡ፤ አቆጣጠሩ የሚገባው የተሳፈረበትን ካወቃችሁ ብቻ ነው። ከዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ እንግሊዞች የመካከለኛው ምሥራቅ ዕዛቸውን ካይሮ ላይ ሲያቋቁሙ ስሙ ወደ ምዕራብ ተንሸራተተ፣ ግብጽን ጨመረ፣ ቅርብ ምሥራቅ የሚባለውን ዋጠው። ዛሬ ቅርብ የሚል ብዙም የለም፤ በብዛት የሚሰሙት መካከለኛና ሩቅ ናቸው። መካከለኛው የማንና የማን መካከል እንደሆነ የሚጠይቅም የለም።

የቆሙበትን ቦታ ያልረሱ ሰዎች ግን አሉ። ህንዶች በመንግሥት ቋንቋቸው ያን አካባቢ "ምዕራብ እስያ" ነው የሚሉት፤ ከዴልሂ ሲታይ በእርግጥም ምዕራብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ክፍፍልም "ምዕራብ እስያ" ይላል፣ ኢራንን ግን ወደ ደቡብ እስያ ይወስዳታል፣ ያን ደግሞ ለማን አቤት እንደሚባል እንጃ። ከሁሉ የምወደው የአውስትራሊያውን ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ሜንዚስን ነው። ሰውዬው በ1939 ሥልጣን እንደያዘ በሬዲዮ ቀርቦ፣ ብሪታንያ ሩቅ ምሥራቅ የምትለው ለእኛ ቅርብ ሰሜን ነው አለ። እንግሊዝን እንደ እናት አገር የሚያይ ሰው ነበር፤ ጦርነት ሲሸት ግን ካርታውን ከራሱ በረንዳ ሆኖ ማየት ጀመረ። የእኔ ካርታ አውስትራሊያን መሐል አጠገብ አስቀምጦ ከላይዋ "ሩቅ ምሥራቅ" ሲል ሜንዚስን አስቡልኝ።

የእኛም ቃላት ቢሆኑ ከዚህ ነጻ አይደሉም። ምሥራቅ ማለት የሚወጣበት ማለት ነው፤ ሠረቀ ከሚለው ግዕዝ፣ ወጣ እንደማለት። (በንጉሡ ሠ ጻፉት። በእሳቱ ሰ ከጻፋችሁት ፀሐይዋን ሌባ አደረጋችኋት።) ምዕራብ ደግሞ የሚገባበት። ፀሐይ የማትወጣለት አገር የለም፤ ሁሉም ሰው የራሱ ምሥራቅ ከደጁ ይጀምራል። ጣጣው የሚመጣው ይህን ተንቀሳቃሽ ቃል አንድ መሬት ላይ በምስማር ስትመቱት ነው። ጃፓኖች የአገራቸው ስም ትርጉም የፀሐይ መገኛ ነው፣ ግን ጃፓን ላይ የቆመ ሰው ፀሐይዋ ከፓስፊክ ባሕር ስትወጣ ነው የሚያየው። ከጃፓን ስትወጣ የሚያያት በስተምዕራብ ያለው የቻይና ሰው ነው። በ607 የጃፓን ቤተ መንግሥት ለቻይናው ንጉሠ ነገሥት "ፀሐይ ከምትወጣበት አገር ንጉሥ፣ ፀሐይ ለምትጠልቅበት አገር ንጉሥ" ብሎ ደብዳቤ ላከ። ንጉሠ ነገሥቱ አልተደሰቱም። ማን ይደሰታል፤ መካከለኛ ነኝ ብሎ የሚኖርን ሰው "አንተ መጥለቂያ ነህ" ስትለው።

ካርታው ላይ ሞሮኮ ጋ ስደርስ ብዙ ጊዜ ቆሜ ቀርቻለሁ። ዐረቦች የሚጠሯት "አል መግሪብ" ብለው ነው፤ መጥለቂያ፣ ምዕራብ ማለት ነው፣ ከእኛው ምዕራብ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ይመስላል። ስሙን ያወጣው ከምሥራቅ ሆኖ ያያት ሰው ነው፣ ለሱ ምዕራብ ነበረች። አሁን ካርታውን እዩ። ሞሮኮ ከዳር እስከ ዳር ከለንደን በስተምዕራብ ናት። ራባት ከማድሪድም ትብሳለች። ግን "ምዕራባውያን" ሲባል ሞሮኮን ማን ይቆጥራል? እሷ የምትታሰበው "መካከለኛው ምሥራቅና ሰሜን አፍሪካ" በሚለው ጥቅል ውስጥ ነው። ስሟ ምዕራብ፣ ቦታዋ ምዕራብ፣ ተራዋ ሲደርስ ከምሥራቅ ጋር ተሰለፊ ትባላለች።

አውሮፓ ውስጥም ያው ነው። ቪየና ከፕራግ በስተምሥራቅ ናት፣ የኦስትሪያ ስም ራሱ በጀርመንኛ የምሥራቅ ግዛት ማለት ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ግን ፕራግ "ምሥራቅ አውሮፓ" ስትባል ቪየና ወደ ምዕራቡ ትቆጠር ነበር። አቴንስ ከዋርሶም በላይ ወደ ምሥራቅ ናት፤ ግሪክ በ1952 ኔቶ ገባችና ምዕራብ ሆነች። እንዲህ ያለው ምሥራቅ ፀሐይን አይጠይቅም፣ ከማን ጋር እንደወገንክ ነው የሚጠይቀው።

አንድ ቀን አጎቴ ሊጠይቁን መጡ። ግዕዝ የተማሩ ሰው ናቸው፣ ካርታ ግን ብዙም አይወዱም። ሻይ እስኪቀርብ ድረስ ፊቱ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ጣታቸውን የመን ላይ አሳረፉ።

"የማን ምን ነበር?" አሉኝ።

"ቀኝ።"

"በይ ወደ ፀሐይ መውጫ ዙሪ።"

ዞርኩ። ቀኝ እጄ ወደ ደቡብ ሆነ። የጥንት ሰዎች አቅጣጫ የሚለዩት ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ነበር፤ በዐረብኛም የየመን ስም ከቀኝ እጅ ጋር ይያያዛል፣ በግራ በኩል ያለችው ሶሪያ ደግሞ "ሻም" ተባለች፣ የግራ። በዕብራይስጥ ፊትና ምሥራቅ አንድ ቃል ናቸው፣ "ቄዴም"፤ የእኛ ቀደመ ማለት ነው። በሳንስክሪትም ቀኝና ደቡብ አንድ ቃል ነው፣ ደካን የሚባለው የደቡብ ህንድ አምባ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እኔ ካርታ የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ሰሜንን ከላይ አድርጎ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። አል ኢድሪሲ የሚባለው ዐረብ የካርታ ሊቅ በ1154 የሠራው ታላቅ ካርታ ደቡብን ከላይ ያደርጋል፣ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ደግሞ ምሥራቅን። በ1972 ከአፖሎ 17 መንኮራኩር የተነሳችው ያቺ የምናውቃት ሰማያዊ ምድር ፎቶ እንኳ መጀመሪያ ደቡብ ዋልታ ከላይ ሆኖ ነው የተነሳችው፤ ለሕዝብ ስትቀርብ ገለበጧት፣ ሰው እንዳይደናገር።

አጎቴ ግን በዚያ አላበቁም። ጣታቸውን ባሕር አሻገሩና "ስሜን ተራራስ?" አሉ። ሰሜን ያለ ተራራ ነዋ፣ ምን ጥያቄ አለው፣ አልኩ በሆዴ። "አክሱም ቆመሽ እዪው" አሉኝ። አየሁ። ተራራው ከአክሱም በስተደቡብ ነው! የታሪክ ሰዎች እንደሚሉት ቃሉ ጥንት በግዕዝ ትርጉሙ ደቡብ ነበር፤ ስሙን ያወጡት አክሱም የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ኋላ የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ደቡብ እየወረደ ሄደ፣ ተራራው ላዲሶቹ ሰዎች በስተሰሜን ቀረ። ተራራው አልተንቀሳቀሰም፣ ስሙም አልተለወጠም፤ የቃሉ ትርጉም ነው ተገልብጦ ተራራውን የተከተለው። ለዚህ ካርታ ያወጣሁት ገንዘብ በዚያች ደቂቃ ተመለሰልኝ።

ሁለተኛው ፊት የሚያስደስት ነገር የለውም አላልኩም። የቀን መለወጫው መስመር በለመድነው ካርታ ሁለቱ ዳር ላይ ተቆርጦ ይጠፋል፤ እዚህ መሐል ላይ ከላይ እስከ ታች ይታያል፣ ሲጣመምም ይታያል። ሳሞአ በ2011 መጨረሻ ከመስመሩ በዚያኛው ወገን ሆና ተኝታ በዚህኛው ወገን ነቃች፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ለመነገድ እንዲመቻት ብላ፤ ዲሴምበር 30 የሚባል ቀን ለሳሞአ ሰው በዚያ ዓመት አልነበረም። የአላስካ ደሴቶችም 180ኛውን መስመር፣ የምሥራቁና የምዕራቡ የኬንትሮስ ቁጥር የሚገናኝበትን፣ ተሻግረው ሲሄዱ ይታያሉ፣ ስለዚህ በቁጥር ከሄድን የአሜሪካ የምዕራብም የምሥራቅም ጫፍ አላስካ ውስጥ ነው። ዜሮው መስመር ግሪንዊች ላይ ያረፈው በ1884 ዋሽንግተን ላይ በድምፅ ብልጫ መሆኑን ካርታው በትንሿ ማብራሪያው ጽፏል፤ ፈረንሳይ ድምፀ ተዓቅቦ አድርጋ እስከ 1911 በፓሪስ መስመር መቀጠሏን ግን አልጻፈም። እኔ ብሆን እጽፈው ነበር።

ስለ ስሞቹ ለሻጩ ጻፍኩላቸው። በሦስተኛው ቀን መለሱ፣ ሁለት መስመር፦ ስሞቹ በዓለም ዙሪያ የተለመዱ ናቸው፣ ስለ አስተያየቴ ያመሰግናሉ። መመለሳቸው ደግ ነው። ለነገሩ ተለመዱ ማለታቸው ትክክል ነው፤ እኔም ነገ ዜና ሳወራ "መካከለኛው ምሥራቅ" ማለቴ አይቀርም፣ "ምዕራብ እስያ" ብል የትኛውን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ይበዛል። ግን ማስታወቂያችሁ ላይ "ከማንም ወገን ያልሆነ" አትበሉ፣ ወይም ሁለተኛው ፊት ላይ ስሞቹን አውጡና ባዶ ተዉት።

እኛ ባዶ ማድረግ ስለማንችል ጨዋታ ፈጠርንበት። ለዚህ ፕላስቲኩ አሪፍ ነው፣ የነጭ ሰሌዳ ማርከር ተጽፎበት በጨርቅ ይጠፋል። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ታሳርፋለች፣ ጣቷ ያረፈበት ቦታ ላይ ቆመናል ማለት ነው፣ ከዚያ ሆነን ለሁሉም አዲስ ስም እናወጣለን። መጀመሪያ ያረፈችው ፊጂ ላይ ነው። አውስትራሊያ ቅርብ ምዕራብ ተባለች። ቻይና ሰሜን ምዕራብ። ፔሩና ቺሌ ሩቅ ምሥራቅ። ደስ ብሎን እየጻፍን አውሮፓ ጋ ስንደርስ ተጣላን። እሷ ምዕራብ ናት ትላለች፣ ካርታው ላይ በግራ ስላለች። እኔ በአሜሪካ በኩል ዞረሽ ብትሄጂም እኩል ነው፣ ምሥራቅም ናት እላለሁ፤ ፊጂ 180ኛው መስመር ላይ ናት፣ ለንደን ዜሮው አጠገብ። በመጨረሻ መደርደሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ ሉል አወረድንና ከፊጂ እስከ ለንደን ክር ወጠርን። ክሩ በምሥራቅም በምዕራብም አልሄደም። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፣ በሰሜን ዋልታ አለፈና በወዲያኛው በኩል ወረደ። ከፊጂ ላለ ሰው አውሮፓ ሰሜን ናት። ልጅቷ በትልልቁ "የዋልታ ማዶ" ብላ ጻፈችላት። ጠፍጣፋ ካርታ፣ ሁለት ፊትም ይኑረው አራት፣ ይህን አያሳያችሁም፤ አጠገቡ ትንሽ ሉል ይኑራችሁ።

ኮከብ? ከአምስት ሦስት ተኩል። አንዱን ለስሞቹ፣ ግማሹን ለነጸብራቁ ቀንሻለሁ። ፊቱን ማዞር በፈለጋችሁ ቁጥር ገመዱን ፈትታችሁ ከኋላ ማሰር አለባችሁ፣ ያ ያሰለቻል፤ በሁለቱም በኩል ማንጠልጠያ ቢኖረው ምን ነበረበት። ልጆች ያሉበት ቤት፣ መማሪያ ክፍል፣ ወይም የሚከራከር ቤተሰብ ካላችሁ ግን ግዙት።

ማርከሩን አይታችሁ ግዙ፣ የሚጠፋው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። እኔ በሁለተኛው ሳምንት ተሳስቼ የማይለቀውን አቀበልኳት። ደቡብ አሜሪካ ላይ የጻፈችው "ፊት ለፊት" እስከ ዛሬ አልለቀቀም።